የተሻለ ቺፕ፣ የባሰ ንባብ፦ የድምፅ መለኪያ መሣሪያን ማሻሻል ምን ይጠይቃል?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ክዳኑ የተከፈተ የመዛባት መለኪያ፣ ማለትም አምፕሊፋየር ድምፅን ምን ያህል እንደሚያዛባ የሚለካ መሣሪያ፣ ነበር። ዕድሜው ከአርባ ዓመት ያለፈ ነው፤ መዘውሮቹ ግን አሁንም በየእርከኑ "ቀጭ" እያሉ ይቆማሉ፣ መርፌውም አልደከመም። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። በግቤቱ በኩል ያሉትን ኤንኢ5532 የሚባሉ የድሮ ኦፕ-አምፕ (ሲግናል አጉሊ) ቺፖች አውጥቼ ኦፒኤ1612 በተባለው ዘመናዊ ቺፕ ልተካቸው። የአዲሱ ቺፕ የኖይዝ (ከራሱ የሚያመነጨው የሹክሹክታ መሰል ሁከት) አኀዝ ዳታሺቱ (የአምራቹ የመግለጫ ወረቀት) ላይ የአሮጌውን ሩብ እንኳ አይሞላም። ነቀልኩ፣ በየድኩ፣ አበራሁ። ከዚያም ምንም ሲግናል ሳልሰጠው መሣሪያው ብቻውን ያለውን ኖይዝ አነበብኩ። ይወርዳል ያልኩት መርፌ ከነበረበት ከፍ ብሎ ቆመ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ብየዳዬን ነው። እንደገና በየድኩት። ቀጥሎ ቺፑን ጠረጠርኩ፤ ሌላ ቀየርኩ፣ ያው ሆነ። ምክንያቱን ያገኘሁት መበየጃውን አጥፍቼ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ስቀመጥ ነው።

የአንድ ቺፕ ኖይዝ በአንድ ቁጥር አይገለጽም። አንደኛው የቮልቴጅ ኖይዙ ነው። ሁለተኛው የከረንት ኖይዙ ነው፤ ይህኛው ከቺፑ ፊት ባለው ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) ውስጥ ሲያልፍ በሬዚስተሩ መጠን ተባዝቶ ወደ ቮልቴጅ ይለወጣል። ሦስተኛው ደግሞ የሬዚስተሩ የራሱ ነው። ማንኛውም ሬዚስተር፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ሙቀት ስላለው ብቻ ኖይዝ ያመነጫል። መለኪያው ናኖቮልት በካሬ ሥር ኸርዝ ነው፤ ለአጭሩ ናኖቮልት እያልኩ ልቀጥል።

በዚያ መሣሪያ ግቤት ላይ ሲግናሉ ቺፑ ጋ የሚደርሰው በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አልፎ ነው። ይህ ሬዚስተር ብቻውን ወደ 12.9 ናኖቮልት ያመነጫል። የ5532 የቮልቴጅ ኖይዝ 5 ናኖቮልት ነው። የከረንት ኖይዙ 0.7 ፒኮአምፒር ሲሆን በ10 ኪሎ ኦም ሲባዛ 7 ናኖቮልት ይሆናል። እነዚህ በቀጥታ አይደመሩም፤ እያንዳንዱ በራሱ ይባዛል፣ ከዚያ ይደመራል፣ የድምሩ ካሬ ሥር ይወሰዳል። ውጤቱ 15.5 ናኖቮልት ነው። የ1612 የቮልቴጅ ኖይዝ 1.1 ብቻ ነው፤ እኔን የሳበኝ ይህ ቁጥር ነበር። የከረንት ኖይዙ ግን 1.7 ፒኮአምፒር ስለሆነ በ10 ኪሎ ኦም ሲባዛ 17 ናኖቮልት ሆኖ ቁጭ ይላል። ድምሩ 21.4 ይደርሳል። በ20 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ሲሰላ የአሮጌው ቺፕ 2.2 ማይክሮቮልት፣ የአዲሱ 3 ማይክሮቮልት ነው። በዴሲቤል፣ ማለትም የሁለት ሲግናሎችን መጠን በምናወዳድርበት መለኪያ፣ ወደ 3 የሚጠጋ ኋላ መመለስ ማለት ነው። ሬዚስተሩ 1 ኪሎ ኦም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ አሮጌው 6.5፣ አዲሱ 4.6 ናኖቮልት ይሆናል። ዳታሺቱ ላይ ያለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ያላየሁት ከመጀመሪያው መስመር በታች ያለውን መስመር ነው።

ይህን የማነሳው በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው። የድሮ የድምፅ መለኪያዎችን ገዝቶ "ማሻሻል" በዓለም ዙሪያ የተስፋፋ ሥራ ሆኗል፤ ከሚደረገው ውስጥ ብዙው እንዲህ ያለ ነው። ቺፕ ይነቀላል፣ ቺፕ ይተከላል፣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የተለካ ነገር የለም። አምፕሊፋየር ላይ እንዲህ ቢደረግ የሚበላሸው አንድ አምፕሊፋየር ነው። የሚዛን ድንጋይ ሲሸረፍ ግን የሚጎድለው አንድ ኪሎ ሽንኩርት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ሚዛን የተመዘነው ሁሉ ነው። መለኪያ መሣሪያ ዋጋ የሚኖረው ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። ያን ዕውቀት የሚያጠፋ ለውጥ፣ የተገጠመው ቺፕ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ማሻሻል ብዬ ልጠራው አልችልም።

ለምን አሁን?

የመዛባት መለኪያ ሥራው በመርህ ደረጃ ቀላል ነው። ንጹሕ የ1 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ወደሚፈተሸው አምፕሊፋየር ይገባል። አምፕሊፋየሩ ፍጹም ስላልሆነ ከራሱ 2፣ 3፣ 4 ኪሎ ኸርዝ እያለ የሚሄዱ ሃርሞኒኮችን (የዋናው ድምፅ ብዜቶችን) ይጨምርበታል። መለኪያው 1 ኪሎ ኸርዙን በጠባብ ማጣሪያ ቆርጦ ያወጣና የቀረውን ይለካል። የቀረው መዛባትና ኖይዝ ነው።

ከዋናው ድምፅ በ80 ዴሲቤል ያነሰ ትርፍ 0.01 በመቶ ነው። በ100 ዴሲቤል ሲያንስ 0.001 በመቶ፣ በ120 ሲያንስ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ ይሆናል። በ1 ቮልት ላይ ይህ 1 ማይክሮቮልት ነው። አንድ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ብቻውን በ20 ኪሎ ኸርዝ ስፋት 0.57 ማይክሮቮልት እንደሚያመነጭ ስናስታውስ፣ እዚህ ደረጃ ላይ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር ትከሻ ለትከሻ መጋፋት እንደተጀመረ ይገባናል።

በላቦራቶሪዎችና በጥገና ቤቶች ለብዙ ዓመታት ያገለገለው የሂውሌት-ፓካርድ 8903ቢ የራሱ ቀሪ መዛባት ከ−80 ዴሲቤልና ከ15 ማይክሮቮልት የበለጠው እንደሆነ ፋብሪካው ይገልጻል። በተሠራበት ዘመን ይህ ከሚለካቸው ዕቃዎች አብዛኞቹ የተሻለ ነበር። ዛሬ ግን በኪስ የሚያዝ፣ በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ የድምፅ መለወጫ ከ−100 ዴሲቤል በታች የወረደ መዛባት ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በ8903ቢ የሚለካ ሰው የሚያነበው የመለኪያውን የራሱን መዛባት ነው፤ በሻማ ብርሃን ነጭ ጨርቅ ላይ ያለች ነጭ ክር እንደመፈለግ ነው።

አዲሱን መግዛት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 ከመለኪያ አምራቹ ቴክትሮኒክስ በወጡ መሐንዲሶች በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ውስጥ የተመሠረተው ኦዲዮ ፕሪሲዥን የሚሠራው ኤፒኤክስ555 የተባለ መለኪያ ወደ −120 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ዋጋው ግን በአሥር ሺዎች ዶላር ነው። ያን ያህል የሚከፍል ትልቅ ኩባንያ ነው። ጥገና ቤት፣ አነስተኛ አምራች፣ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ፣ በራሱ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ዓይኑ ያረፈው በአሮጌው መሣሪያ ላይ ነው።

አምፑሉ

የዚህ ሙያ ታሪክ ራሱ በአንድ ብልህ ማሻሻያ ይጀምራል። ከሂውሌት-ፓካርድ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቢል ሂውሌት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በሠራው ጥናት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1939 200ኤ የተባለው የድምፅ ኦሲሌተር (የሙከራ ድምፅ የሚያመነጭ መሣሪያ) ወጣ። ዋጋው 54 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር። የዲዝኒ ኩባንያ ቀጥሎ ከወጣው 200ቢ 8 ገዝቶ የፊልም ድምፅ ሥርዓቱን ፈተሸበት።

ውስጡ ያለው ብልሃት ተራ ትንሽ አምፑል ነው። ኦሲሌተር ሁልጊዜ በሁለት አደጋ መካከል ነው፤ ግፊቱ ትንሽ ካነሰ ድምፁ እየሞተ ይሄዳል፣ ትንሽ ከበዛ እየገዘፈ ሄዶ ጫፉ ይቆረጣል። አምፑሉ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ሬዚስተንሱ ይጨምራል። ድምፁ ሲገዝፍ ሽቦው ይበልጥ ይሞቃል፣ ሬዚስተንሱ ይጨምርና ግፊቱን ይቀንሰዋል። ድምፁ ሲያንስ ሽቦው ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ይመለሳል። ያለምንም የተወሳሰበ መቆጣጠሪያ ድምፁ በልኩ ይረጋል።

ታዲያ እዚህም የሚከፈል ዋጋ አለ። ሽቦው ለመሞቅና ለመቀዝቀዝ ጊዜ ይወስዳል። በ1 ኪሎ ኸርዝ ሞገዱ ከሽቦው እጅግ ስለሚፈጥን ሽቦው የሚያየው አማካዩን ብቻ ነው። ወደ 20 ኸርዝ ሲወረድ ግን ሽቦው እያንዳንዱን ሞገድ መከተል ይጀምራል። በአንድ ሞገድ ውስጥ ሁለቴ ይሞቃል፣ ሁለቴ ይቀዘቅዛል፤ ከዚህም ሦስተኛ ሃርሞኒክ ይወለዳል። ዘገምተኛ አምፑል ብንመርጥ መዛባቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የፍሪኩዌንሲ መዘውሩ በተነካ ቁጥር ድምፁ እስኪረጋ ድረስ ከፍ ዝቅ እያለ ያስጠብቃል። አምፑሉን በትራንዚስተር ወይም በብርሃን በሚሠራ ሬዚስተር የተኩት በኋላ የመጡት ሰርኪዩቶችም ከዚሁ ምርጫ አላመለጡም። ቶሎ መርጋትና ንጹሕ መሆን እርስ በርስ ይሳሳባሉ። የፋብሪካው መሐንዲስ በመካከላቸው አንድ ቦታ መርጦ ቆሟል። አሮጌ ኦሲሌተር ውስጥ የጊዜ መወሰኛ ካፓሲተሩን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ) በትልቅ የሚተካ ሰው ያን ምርጫ እየሻረ መሆኑን ካላወቀ፣ በአንዱ ፍሪኩዌንሲ ያገኘውን በሌላው ያጣል።

እጅ መግባት ያለበት የት ነው?

አሮጌ መሣሪያ ላይ ከቺፕ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ ብዙም አያጓጓም። የፓወር ሰፕላዩ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዓመታት ይደርቃል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ከማቀዝቀዣ ብረት አጠገብ ያሉት ቀድመው ይሞታሉ። ሲደርቁ ከመብራቱ መስመር የሚመጣው ጉምታ (ዝቅ ያለ የእምምታ ድምፅ) ወደ ሰርኪዩቱ ሾልኮ ይገባል። ዋናው የመብራት መግቢያ ላይ ያሉት፣ ቢጫማ ግልጽ ፕላስቲክ የለበሱ የወረቀት ካፓሲተሮች ደግሞ ገላቸው ሲሰነጠቅ እርጥበት ይስባሉ፤ አንድ ቀን ክፍሉን በጭስ ይሞሉታል። እነዚህን ሳያዩ መሣሪያውን አብርቶ መተው አይገባም።

ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን በሻንጣ የመጣ መሣሪያ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አገራችን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ናት። ጀርባው ላይ ያለው የቮልቴጅ መምረጫ 100 ወይም 120 ላይ እንዳለ መሰካት አንዴ ብቻ የሚሠራ ስህተት ነው። ቮልቴጁ ተስተካክሎም፣ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ይበልጥ ይሞቃል፤ ስለዚህ ከፊውዙ አጠገብ ያለችውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል።

ካፓሲተር ሲቀየር ዓይነቱ ከመጠኑ እኩል ያስፈልጋል። በድምፁ መንገድ ላይ ያለን የፖሊስታይሪን ካፓሲተር አውጥቶ፣ ትንሽና አዲስ ስለሆነ ብቻ ኤክስ7አር የተባለውን ሴራሚክ የሚያስገባ ሰው መለኪያው ውስጥ መዛባት ተከለ ማለት ነው፤ የዚህ ሴራሚክ አቅም በላዩ ባለው ቮልቴጅ ይለዋወጣልና። ሴራሚክ የግድ ከሆነ ሲ0ጂ የሚባለው አለ። ፖሊስታይሪኑ ደህና ከሆነ ባይነካ ይሻላል፤ የመበየጃ ሙቀት በቀላሉ ያቀልጠዋል።

ፈጣን ቺፕም የራሱ ጠባይ አለው። 5532 እስከ 10 ሜጋ ኸርዝ ለሚደርስ ሥራ የተሠራ ነው፤ 1612 ወደ 40 ይደርሳል። ይህኛው የሚገኘው በጥቃቅን የቦርድ ላይ እግሮች ብቻ ስለሆነ አሮጌው ሶኬት ላይ ለመግባት መሸጋገሪያ ቦርድ ይፈልጋል። ያቺ ቦርድ የምትጨምረው ጥቂት ሚሊሜትር ሽቦ ቺፑን ጆሮ በማይሰማው፣ መርፌውም በማያሳየው ፍሪኩዌንሲ እንዲያፏጭ ልታደርገው ትችላለች። ኦሲሎስኮፕ (የሲግናልን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ሳይያዝ ይህን ማወቂያ መንገድ የለም። ንባቡ በትንሹ ይጠመምና ሰውየው መሣሪያው ያረጀ ይመስለዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያዋጣው ማሻሻያ ግን፣ እንደ እኔ እምነት፣ ብየዳ የማይፈልገው ነው። እንደ 8903ቢ ያሉት መለኪያዎች ሞኒተር የሚል መውጫ አላቸው። እዚያ የሚወጣው ዋናው ድምፅ ከተቆረጠ በኋላ የቀረው ትርፍ ነው። የመለኪያው ማሳያ ይህን ሁሉ አጠቃልሎ አንድ ቁጥር ያደርገዋል፤ ኖይዙን ከሃርሞኒኩ፣ ሃርሞኒኩን ከመብራቱ ጉምታ አይለይም። መውጫውን ከጥሩ የኮምፒውተር ሳውንድ ካርድ ጋር አገናኝቶ በኤፍኤፍቲ (ሲግናልን በየፍሪኩዌንሲው በሚለይ ስሌት) ሲታይ ግን እያንዳንዱ በየቦታው ተዘርግቶ ይታያል። በ65,536 ናሙና የሚሠራ ኤፍኤፍቲ ኖይዙን በ32,768 ጠባብ ክፍሎች ይበትነዋል፤ በእያንዳንዱ ክፍል የሚቀረው ከጠቅላላው በ45 ዴሲቤል ያነሰ ነው። ኖይዙ አልጠፋም፣ ተበተነ እንጂ። በእሱ ሥር ተደብቆ የነበረ ሃርሞኒክ ግን እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል። የመለኪያው የራሱ ሃርሞኒክ አብሮ እንደሚታይ ግን መርሳት አያስፈልግም።

መለኪያ የሌለው ሰው በሬዚስተርና በካፓሲተር ብቻ መንትያ-ቲ የተባለውን ማጣሪያ ሠርቶ ከሳውንድ ካርዱ ፊት ማስቀመጥ ይችላል። ዋጋው ጥቂት ነው፣ የራሱ መዛባትም የለም ማለት ይቻላል። ማጣሪያው ግን ከዋናው ድምፅ ጋር ጎረቤቶቹንም ይጎዳል። ሁለተኛውን ሃርሞኒክ በ9፣ ሦስተኛውን በ5 ዴሲቤል ያህል ያወርዳቸዋል። ያን መልሶ ያልደመረ ሰው የተፈተሸውን አምፕሊፋየር ካለው በላይ ያሞግሰዋል።

እንዲሁ ያለ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ይህኛው ልምድ ያላቸውንም ያታልላል። ኦሲሌተሩ የራሱ ሁለተኛ ሃርሞኒክ አለው፣ የሚፈተሸውም ዕቃ እንዲሁ። ሁለቱ በ−110 ዴሲቤል እኩል ቢሆኑና በተመሳሳይ አቅጣጫ ቢገናኙ −104 ይነበባል። በተቃራኒ ከተገናኙ ግን ይጠፋፋሉ፤ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ዕቃው ፍጹም ይመስላል። እንዲህ ዓይነት እጅግ ያማረ ንባብ ሲገኝ የገመዱን ፖላሪቲ ገልብጦ፣ ወይም በኦሲሌተሩና በዕቃው መካከል ማጣሪያ አስገብቶ እንደገና መለካት ይገባል።

ማሻሻያው መሥራቱን የምናረጋግጥበት መንገድም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። አንዱ ኦሲሌተር 1 ኪሎ ኸርዝ፣ ሌላው 2 ኪሎ ኸርዝ ይሰጣል። ሁለተኛው በትክክለኛ ሬዚስተሮች ተከፋፍሎ ከመጀመሪያው አሥር ሺኛ እስኪሆን ይወርድና ይደባለቃሉ። መለኪያው አሁን −80 ዴሲቤል ማንበብ አለበት። ምክንያቱም ያን "መዛባት" እኛው ለክተን አስገብተነዋል። −74 ወይም −86 ካነበበ ከዚያ ወዲያ የሚናገረውን ሁሉ በጥርጣሬ መስማት ነው።

ሰነዱና ባትሪው

ይህ ሁሉ የሚቻለው የሰርኪዩቱ ሥዕል ሲኖር ነው። የያኔዎቹ የሂውሌት-ፓካርድ መጽሐፎች እያንዳንዱ ክፍል እንዴት እንደሚሠራ፣ እያንዳንዱ ሬዚስተር ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ማስተካከያ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚዞር በዝርዝር ያስረዳሉ። የመለኪያ ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1999 አጂለንት፣ በ2014 ደግሞ ኪሳይት ሆኖ ስሙ ቢቀያየርም፣ እነዚያ መጽሐፎች ዛሬም ይነበባሉ። የ10 ኪሎ ኦሙን ሬዚስተር እኔም ያየሁት ከመሣሪያዬ ጋር በመጣው እንዲህ ባለ መጽሐፍ ላይ ነው። ዛሬ የሚሸጡት መለኪያዎች ግን አብዛኞቹ ሥዕል የላቸውም፤ ሲበላሹ ወደ አምራቹ ይላካሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ያጸደቀው የጥገና መብት መመሪያ ልብስ ማጠቢያን፣ ማቀዝቀዣን፣ ስልክን የመሳሰሉትን ይዘረዝራል፤ የላቦራቶሪ መለኪያ ከዝርዝሩ የለም። ይህ በግልጽ ሊነሳ የሚገባው ጉዳይ ነው። ዛሬ የተገዛ ውድ መለኪያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በማን እጅ፣ በምን ሰነድ ይጠገናል?

ከድሮዎቹና ከዛሬዎቹ መካከል የወጡት፣ ዲጂታል ማስታወሻ የገባባቸው መሣሪያዎች ደግሞ ሌላ ሰዓት ይቆጥራሉ። ለካሊብሬሽን (መለኪያዎችን ለሚያመሳክሩ) ላቦራቶሪዎች ምሰሶ የሆነው 3458ኤ መልቲሜትር የማስተካከያ ቁጥሮቹን የሚያኖረው በውስጡ ትንሽ ሊቲየም ባትሪ ባለበት ቺፕ ላይ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ቁጥሮቹ አብረው ይጠፋሉ፤ መልሶ ማግኘት የሚቻለው ወደ ላቦራቶሪ ልኮ እንደገና በማስለካት ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ እጁ የገባ ሰው፣ ሌላ ነገር ከመንካቱ በፊት፣ ያን ቺፕ አንብቦ ቅጂውን በኮምፒውተር ማስቀመጥ አለበት።

የኔን መለኪያ በተመለከተ፣ 5532ዎቹ ተመልሰው ሶኬታቸው ላይ ተቀምጠዋል። የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች ተቀየሩ፤ 100 ኸርዝ ላይ ይታይ የነበረው ጉምታ በግልጽ ወረደ። የመምረጫ መዘውሮቹ መገናኛ ብረቶች ተጸዱ፤ በየእርከኑ ይዘል የነበረው ንባብ ረጋ። ከዚያ በ2 ኪሎ ኸርዙ ፈተና አለፈ። ክዳኑን ከመግጠሜ በፊት ከውስጥ በኩል አንድ ወረቀት ለጠፍኩበት። ቀኑ፣ የተቀየረው ዕቃ በየቁጥሩ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የተነበበው፣ የክፍሉ ሙቀት፣ ሳይሳካ ቀርቶ የተመለሰው የቺፕ ሙከራና ሒሳቡ ተጽፎበታል። ከሥሩ ለሚቀጥለው ንባብ ባዶ መስመሮች አሉ።